ግብሩ ይቆይ፤ ቤቱ ይቁም

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል የምደባ ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ፣ ፍራሹን በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ወደማያውቀው ከተማ የሄደ ሰው ካለ፣ የዛሬውን ጽሑፌን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። እንዲህ ያለው ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሥሪያ ቤቱ ወይም ስለ አለቃው ጠባይ አይደለም። «ቤት ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው። ሻንጣውን አስቀምጦ የሚያድርበት ጣራ ካላገኘ፣ ዲፕሎማውም ዲግሪውም የሌሊቱን ብርድ አይከለክሉለትም።

በሰቆጣም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ከላሊበላ ወደ ሰሜን ተራራውን ሲወጡ፣ ገደሉን ሲወርዱ ውለው ወደ ከተማይቱ ሲገቡ ዓይን የሚስበው የድንጋዩ ግንብ ነው። በዋግ ምድር ድንጋይ ጠፍቶ አያውቅም። የጥንቱ ሰው ድንጋዩን ጠርቦ፣ በጭቃ አስሮ፣ ግድግዳውን አወፍሮ ይሠራ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት ፈልፍሎ አውጥቷል። ያ ሰው ሲሚንቶ አልገዛም፤ የግንባታ ፈቃድ ለማውጣትም ሲመላለስ አልከረመም። (ይኸን የምለው ለቀልድ ያህል ነው፤ ፈቃድ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም።) የጨው አሞሌ ከአርሆ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ መጥቶ በሰቆጣ ገበያ ይራገፍ በነበረበት ዘመን ከተማይቱ የነጋዴ ማደሪያ ነበረች። የዋግ ሹሞችም አገር ናት፤ ከእነርሱም አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ተቀምጠዋል።

ዛሬ ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ናት። መሥሪያ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም ሠራተኛ ይፈልጋል። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህች ከተማ ስም ተጠርቷል፤ ቃል ኪዳኑን በሥራ የሚተረጉሙት የጤና፣ የእርሻና የውሃ ባለሙያዎች ደግሞ ማታ ማታ የሚገቡበት ቤት ያሻቸዋል። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲደርስና ከዚያም በኋላ፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሰቆጣና ወደ ወለህ መጠለያ ጎረፈ። ዘመድ ያለው ከዘመዱ ተጠጋ፤ የሌለው በሸራ ሥር ተቀመጠ። ለአንድ ሰው ይጠብ የነበረው ክፍል ለቤተ ሰብ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አዲስ የተመደበ ጸሐፊ ወይም መምህር ክፍል ፍለጋ ሲዞር፣ ከተቸገረ ሰው ጋር እየተሻማ መሆኑን እያወቀ ነው የሚዞረው።

እኔ የምኖርበት ክፍል ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ እማማ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። አንድ ቀን ስለ ኪራይ ስናወራ፣ «እማማ፣ ኪራዩ በየዓመቱ ለምን ይጨምራል?» ብዬ ብጠይቃቸው ቡናውን እየቀዱ፣ «ልጄ፣ ቤት ቢበዛማ ማን ያስጨምረኝ ነበር?» አሉኝ። እኔ በኮሌጅ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት አንድ ሙሉ መንፈቅ ተምሬአለሁ፤ እማማ በአንድ ሲኒ ቡና ጨረሱት።

ለጊዜው የሚታለፍ ክፍያ

እንግዲህ ቤት እንዲበዛ ምን ይደረግ? ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ዛሬ የማነሣው ነው። ይኸውም አዲስ መኖሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ከተማው የሚያስከፍለውን ልዩ ልዩ ክፍያ ለተወሰነ ጊዜ መተው ወይም ማቆየት ነው።

ማንኛውም ከተማ ያለ ክፍያ አይቆምም። ቤት የሚሠራው ሰው ለቦታው ሊዝ ወይም ኪራይ ይከፍላል። ቦታው የገበሬ ማሳ የነበረ እንደ ሆነ የካሳው ወጪ አለ። ከዚያ ካርታው፣ ፕላኑ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ ውሃና መብራት ማስገቢያው፣ ሁሉም በየመስኮቱ ደረሰኙን ይዞ ይጠብቃል። ከተማው ይኸን ሁሉ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ አዲስ ሠፈር ሲወጣ መንገዱን መጥረግ፣ ቧንቧውን መቅበር፣ የጎርፍ ቦዩን መቅደድ የከተማው ዕዳ ነውና። ነገር ግን ቤት እጅግ ሲጠፋ ከተሞች አንዳንድ ጊዜ፣ «እስከዚህ ቀን ጀምሮ እስከዚያ ቀን ለጨረሰ ሰው ይኸንን ክፍያ ትተንለታል» ወይም «ጣራው እስኪመታ ድረስ አንጠይቀውም» ብለው ያውጃሉ። መተውና ማቆየት አንድ እንዳልሆኑ ልብ በሉልኝ። የተተወው ገንዘብ አይመለስም፤ የቆየው ይመለሳል። ብዙ ክርክር የሚነሣው ሁለቱን ከመደባለቅ ነው።

ይኸ ዘዴ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ብልሃት የሚመስለው ሰው ቢኖር የአዲስ አበባን ባሕር ዛፍ ያስታውስ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አለቀ። ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል በምዕራብ ወደምትርቀው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ዛፉን አስመጥተው ብቻ አልተዉትም። ችግኙ በርካሽ እንዲዳረስ አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን ፈቀዱ። ሕዝቡ ይኸን ሲሰማ ተከለ። ከዚያ በኋላ ላለው ዘመን የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ማገሩና ወራጁ፣ አጥሩና ማገዶው ከዚያ ዛፍ ወጣ። ግምጃ ቤቱ ያንን ግብር አጣ ልንል እንችላለን፤ ነገር ግን ከተማይቱ ተለቃ ወደ አዲስ ዓለም ቢኬድ ኖሮ ከባዶው መሬት ምን ግብር ይሰበሰብ ነበር?

የሆነ ሆኖ፣ ያ ምሕረት የራሱ ጣጣ ነበረው። ኋላ ዛፉ ምንጭ ያደርቃል ተብሎ ከፊሉ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ሳይፈጸምም ቀረ። ሰው አንድ ጊዜ የተመቸውን ነገር በትእዛዝ አይተውም። ማብቂያው ቀን ከመጀመሪያው ያልተጻፈ ምሕረት ኋላ እንደ ርስት እንደሚቆጠር እዚህ ላይ እናያለን።

ኪራይ ረከሰ፤ ቤትስ?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ዘልዬ ወደ 1967 ዓ.ም. እመጣለሁ። በዚያ ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ቤት ማከራየትም የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ ሆነ። አነስተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ሲናገሩ እንደምንሰማው ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ደመ ወዙን ለባለ ቤት ሲገብር የኖረ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። በተከታዩ ዓመት በ1968 ዓ.ም. የወጣው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ደግሞ የዓመት ኪራይ ግምቱ ከ300 ብር የማይበልጠውን መኖሪያ ቤት ከቤት ግብር ነፃ አደረገ። ይኸ ለድኻው ታስቦ የተሰጠ ምሕረት ነው፤ አዲስ ቤት እንዲሠራ ግን አላሰበም።

ውጤቱስ? ለኪራይ ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። የቀበሌው ቤት ኪራይ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ስለ ቆየ ጣራው ሲያፈስ ለቆርቆሮ መግዣ አልበቃም። ሕዝቡ በዛ፤ ቤቱ ግን አረጀ። ዛሬ በየከተማው መካከል ጎንበስ ብሎ የሚታየው ጠማማ ቤት የዚያ ታሪክ ምስክር ነው። እኔ የነበረውን ባለ ርስት ለመልቀስ አይደለም ይኸን የምጽፈው። ተከራይን መጠበቅ አንድ ነገር፣ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ሌላ ነገር መሆኑን ለማሳየት ብዬ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራዩም ከሁለት ወር ኪራይ በላይ አስቀድሞ እንዳይቀበል ደንግጓል። ለተከራዩ መልካም ነው፤ እኔም ተከራይ ነኝና አልቃወመውም። ነገር ግን አዋጅ በራሱ አንዲት ክፍል አይጨምርም። ተከራዩን በአንድ እጅ የጠበቀ መንግሥት ቤት ሠሪውን በሌላው እጅ ካልደገፈ፣ የ1967ቱ ነገር በትንሹ እንዳይደገም ያሰጋኛል።

የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ሒሳብ

የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ በ1986 ዓ.ም. በቁጥር 80 ወጣ፤ በ1994 ዓ.ም. በቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 721 ተተካ። የ2004ቱ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት ዘመን ሰጠ፤ ቦታም በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ አደረገ። ቦታ የተሰጠው ሰው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከመቶ 10 እጅ የማያንስ አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን በየዓመቱ እኩል አድርጎ ከነወለዱ ያገባል። ከዚህም ጋር አዋጁ እንደ ልማቱ ዓይነት የክፍያ እፎይታ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ፈቀደ። የዛሬው ነገራችን እንግዲህ በአገራችን ሕግ ውስጥ ስሙ «የእፎይታ ጊዜ» ነው። ቃሉ ያምራል።

ቃሉ ያምራል ብለን ብቻ አንለፈው፤ እስቲ ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አገኘ እንበል። ዋጋው በካሬ ሜትር 500 ብር ይሁን፤ ጠቅላላው 100,000 ብር ይሆናል። (ቁጥሩ ለማስረዳት የተመረጠ እንጂ የአንድ ከተማ ዋጋ አይደለም።) አስቀድሞ 10,000 ብር ይከፍላል። የቀረው 90,000 ብር በ30 ዓመት ይከፈል ቢባል በዓመት 3,000 ብር ነው፤ ወለዱ ሳይቆጠር። ለ99 ዓመት መሬት ይኸ ብዙ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው፤ በዓመት ሲታይ ብዙ አይደለም።

ችግሩ ግን በመጠኑ ላይ አይደለም፤ በጊዜው ላይ ነው። ይኸ ሰው ቤቱን በሚሠራበት ወራት ሦስት ሸክም በአንድ ትከሻ ይሸከማል። ገና ቤቱ አልተጠናቀቀምና የሚኖርበትን ክፍል ኪራይ ይከፍላል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይገዛል፤ ግንበኛውንም በየቅዳሜው ያሰናብታል። በዚያው ወር መዘጋጃ ቤቱ ቅድሚያውን፣ የዓመቱን ሊዝና የፈቃዱን ክፍያ ይጠይቀዋል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሊቆይ የሚችለው የመዘጋጃ ቤቱ ነው። አከራዩ አይታገሥም፤ ነጋዴው ዱቤ አይሰጥም፤ ግንበኛው ልጆች አሉት። በሁለት ዓመት እፎይታ በምሳሌያችን 6,000 ብር ይቆያል፤ ቅድሚያውም ጣራው እስኪመታ ቢቆይ 16,000 ብር ይሆናል። ይኸ ገንዘብ ቤት አይሠራም። ነገር ግን መሠረቱን ያስቆፍራል፤ መሠረቱን ያስቆፈረ ሰው ደግሞ ነገሩን እንደ ሕልም አያየውም። ወደ አዲሱ ቤት ከገባ በኋላ ለአከራይ ይከፍለው የነበረውን ለሊዙ ያደርገዋል። እንግዲህ ከተማው ገንዘቡን አላጣም፤ የሚቀበልበትን ቀን ብቻ ወደ ተከራዩ እፎይ የሚልበት ጊዜ አዛወረው።

አዋጁ ይኸን ያህል ሲሰጥ የሚጠብቀውም ነገር አለ። አነስተኛ ግንባታ በ24 ወር ውስጥ እንዲያልቅ ወስኗል። ቦታውን ሳይሠራበት ወይም ግንባታውን ከግማሽ ሳያደርስ ለሌላ ያስተላለፈ ሰው፣ የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱና የሠራውን ሥራ ዋጋ ይወስዳል፤ ከቦታው የማስተላለፊያ ዋጋ ግን የሚደርሰው ከመቶ 5 እጅ ብቻ ነው። ይኸ በእኔ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ የተሻለው አንቀጽ ነው። ቦታ አጥሮ ዋጋው እስኪወጣ የሚቀመጠውን ሰው ከሚሠራው ይለየዋል። አንቀጹ በየከተማው ምን ያህል በሥራ ላይ ይውላል? ይኸን ለማወቅ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየከተማችሁ ዳር ዳር በእግራችሁ መዞር ይበቃል።

የጋራው ቤትና ኒው ዮርክ

በአገራችን ለአዲስ መኖሪያ ቤት የተደረገው ትልቁ የክፍያ ምሕረት ግን በኮንዶሚኒየም የተደረገው ነው። በአዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ ወደ ክልሎችም በተዛመተው በዚያ ሥራ፣ ቦታው ያለ ሊዝ ዋጋ ቀረበ፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃም ከቀረጥ ነፃ ሆነ። በመላ አገሪቱ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 171,000 ያህል ቤቶች ተሠሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ከመቶ 20 እጁን አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በባንክ ብድር እንዲጨርስ፣ ቤቱንም እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጠው ተወሰነ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደገና ምዝገባ ሲከፈት 10/90፣ 20/80 እና 40/60 እየተባለ ከ900,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ከእናንተም መካከል ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ ያን ጊዜ ተመዝግበው እስካሁን ዕጣ የሚጠብቁ አይጠፉም።

ይኸን ሥራ ማቃለል አልወድም። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቁልፍ በኪሱ የያዘው በዚያ ነው። ነገር ግን ከተማው የተወው የቦታ ዋጋ የትም አልጠፋም፤ ዕጣ በወጣለት ሰው እጅ ገባ። አምስቱ ዓመት ሲያልፍ ወይም ሳያልፍ ቤቱን በውድ ያከራየው አለ፤ ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር የሄደውና ከዕለት ገበያው የተለየው ድኻ ደግሞ አለ። ለአንዲት እንደ ሰቆጣ ያለች ደገኛ ከተማ አራት ፎቅ ሕንፃ ሠርቶ በብድር መሸጥም ሌላ ጣጣ ነው፤ የከተማው ነዋሪ ከዋጋው ጋር ካልተመጣጠነ ሕንፃው ቢቆምም ገዢ አያገኝም።

ፈረንጆቹስ ምን አደረጉ? በእነርሱ አቆጣጠር በ1921 የኒው ዮርክ ከተማ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በደረሰው የቤት እጦት ተጨንቆ፣ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት እስከ 1932 መጀመሪያ ድረስ ከሕንፃ ግብር ነፃ እንዲሆን አደረገ። ነፃ የሚሆነው ለአንድ ክፍል እስከ 1,000 ዶላር፣ ለአንድ መኖሪያ እስከ 5,000 ዶላር ግምት ነው። ከገደቡ በላይ ያለው ግብሩን ይከፍላል፤ ይኸም ምሕረቱ ለቤተ መንግሥት ሳይሆን ለመካከለኛው ሰው ቤት እንዲሆን የተደረገ ብልሃት ነው። በዚያ አሥር ዓመት ብሩክሊን፣ ብሮንክስና ኩዊንስ በአዲስ ቤት ተሞሉ። የድኻው ድኻ ግን እነዚያን አዲስ ቤቶች አልተከራየም፤ ሌላው ሲለቅ አሮጌውን ነው ያገኘው። እዚያው ኒው ዮርክ በ1971 ተመሳሳይ የግብር ምሕረት እንደገና ታወጀ፤ ይኸኛው እየተራዘመ እየተራዘመ ሃምሳ ዓመት ኖረ፤ በመጨረሻው ጊዜ ከተማው በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ግብር እያጣበት በ2022 ቆመ፤ በ2024 በሌላ ተተካ። ካናዳም በ2023 ለኪራይ ተብለው ከሚሠሩ አዲስ ቤቶች ላይ የፌዴራሉን የሽያጭ ግብር አንሥታለች፤ ምሕረቱን የሚያገኘው ግን ከዚያ ዓመት መስከረም ጀምሮ እስከ 2030 መጨረሻ ሥራውን የጀመረ ሰው ነው። መጀመሪያውና መጨረሻው በቀን ተጽፏል።

ወደ ሰቆጣ እንመለስ

አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ በሌላ ከተማ መዘጋጃ ቤት ይሠራል። በክረምቱ ዕረፍት ስንገናኝ ይኸን ሐሳቤን አጫወትሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «አንተ መምህር ስለ ሆንህ ነው፤ ክፍያውን ከተውን ቧንቧውን በምን እንቀብራለን? አንተ ቤትህን ሠርተህ ስታበቃ ውሃ የለም ብለህ የምትጮኸው በእኔ ላይ ነው» አለኝ። በእውነቱ ይኸ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በዋግ ደጋ ውሃ ከቤት ይልቅ ይቸግራል። ቧንቧ ያልደረሰበት አዲስ ሠፈር ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ጀሪካን የተሸከመች ሴት ነው የምታገኙት። ከተማው ለምሕረቱ ሲል ቧንቧውን ቢያስቀር ሸክሙ ከመዘጋጃ ቤቱ ወደ እርስዋ ጀርባ ዞረ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ሁሉም ይቅር አይደለም። የውሃና የመብራቱ ማስገቢያ በጊዜው ይከፈል፤ ያ ገንዘብ ዛሬ ቧንቧ ይሆናልና። የገበሬው ካሳም አይዘገይ፤ ማሳውን ለቆ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ በእርሱ ኪሣራ የሚሠራ ቤት አይባረክም። መቆየት የሚገባው የሊዙ ቅድሚያና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ፣ የፕላኑና የፈቃዱ ገንዘብ ነው። ሲቆይም ለሁሉ አይደለም፤ በማኅበር ተደራጅተው በባንክ ገንዘብ እየቆጠቡ ላሉት ሠራተኞች፣ እንደዚሁም በግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ለሚጨምር ሰው ነው። ቀኑ ከመጀመሪያው ይጻፍ። በቀኑ ጣራውን ያልመታ ሰው የቆየለትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይክፈል። ጓደኛዬ ይኸን ስነግረው፣ «ማን ያስከፍለዋል?» ብሎ ሳቀ። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም አላገኘሁም።

አንድ ነገር ግን ነግሬዋለሁ። ባዶው ቦታ ለከተማው የሚያስገባው ነገር የለም። የቆመ ቤት ግን በየዓመቱ ግብር ይከፍላል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ከተሞች ገቢያቸውን ከቆመው ቤት እንዲያገኙ የታሰበ ነው። ዛሬ የዘገየው የሁለት ዓመት ሊዝ የነገውን የሃምሳ ዓመት ግብር የሚያመጣ ከሆነ መዘጋጃ ቤቱ አልከሰረም።

ይኸን ሁሉ ካልሁ በኋላ የክፍያው ምሕረት ብቻውን የሰቆጣን ቤት ያበዛል ብዬ ብናገር አንባቢዎቼን ማታለል ይሆንብኛል። አንድ ግንበኛ ወጪው በምን ላይ እንደሚያርፍ ሲቆጥርልኝ፣ ድንጋዩን በእጁ ጠቁሞ፣ «ይኸ የእግዜር ነው» አለኝ፤ ሲሚንቶውንና ቆርቆሮውን ግን የቆጠረው ከመንገዱ ጋር ነው። እስከዚህ ድረስ የሚመጣ ኩንታል በየኪሎ ሜትሩ ይወደዳል፤ መንገዱ በተዘጋበት ወራት ደግሞ በምንም ዋጋ አይገኝም። ለዚህ መድኃኒቱ ከመዘጋጃ ቤት መስኮት አይወጣም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስተውያለሁ። በጭቃ የታሰረ የዋግ ድንጋይ ግድግዳ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በየከተማው ያሉት የፕላን ሕጎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ብሎኬትንና ሲሚንቶን እንደ ቤት፣ ጭቃን እንደ ድኽነት ይቆጥሩታል። የክፍያው ምሕረት በአገሩ ድንጋይ ለሚሠራ ሰው ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢሰጥ፣ ከጭነት መኪናው የሚተርፈው ገንዘብ በአገሩ ጠራቢ እጅ ይቀር ነበር። ይኸን መሐንዲሶች ይፍረዱት፤ እኔ የማስተምረው ታሪክ ነው።

እማማ አንድ ልጅ አላቸው፤ በሌላ ወረዳ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከተማው ዳር ላይ ቦታ ደርሶት አራት ማዕዘን ላይ አራት ድንጋይ ተተክሎለታል። ቅድሚያውን ከፍሏል። ገንዘቡ ለዚያ ስለ ሄደ መሠረቱ አልተቆፈረም፤ ቆርቆሮው ትንሽ እስኪረክስም ይጠብቃል። ባለፈው የክረምት ወራት እማማ ሄደው ሲያዩት መሬቱ ባዶውን ተቀምጦ አሳዘናቸው፤ እንደ ዱሮው የገበሬ ልጅነታቸው ከአራቱ ድንጋይ መካከል ቆፍረው ዘሩበት። ዘንድሮ የበቀለው ምስር ነው።